በተወካይ የቀረበው አህያ

የሚመሰክርልኝ ሰው ስላልተገኘ እኔው ልመስክር፤ በዴንቨር አጠገብ ባለችው በኦሮራ ከተማ ስም በመጥራት የሚስተካከለኝ የለም። ሌላው ሰው በሌላ ነገር ይታወቃል። ትልቅ ቤት በመግዛት የሚታወቅ አለ፣ ልጁን ሐኪም በማድረግ የሚታወቅ አለ፣ ሠርግ ላይ ሳይጋብዙት ማይክ በመያዝ የሚታወቅ አለ። እኔ የምታወቀው በስም ጥሪ ነው። የእድራችንን መዝገብ ስድስት ዓመት ይዣለሁ፤ በስድስቱም ዓመት አንድ ስርዝ ድልዝ አይገኝበትም። ከአዳራሹ ኋላ አንድ ሰው ቢያስል፣ ቀና ሳልል ከሳሉ ለይቼ "ተገኝቷል" ብዬ እጽፋለሁ።

እንጀራዬም ቢሆን ከስም ጥሪ የራቀ አይደለም። ዴንቨር አየር ማረፊያ ውስጥ ዊልቸር እገፋለሁ። አውሮፕላኑ በር ላይ ቆሜ የመንገደኛውን ስም እጠራለሁ፣ "እኔ ነኝ" ያለኝን አስቀምጬ እገፋለሁ። እስከ ዛሬ ተሳስቼ የሰው አያት ወስጄ አላውቅም። አንድ ጊዜ ወስጃለሁ፤ ሴትዮዋ ግን በጨዋታዬ ደስ ብሏቸው ስለነበር አልቆጥረውም።

ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። ለጉራም ነው፤ ግን ለጉራ ብቻ አይደለም። ሰው የሚወድቀው በማይችለው ነገር ይመስላችኋል፤ በማይችለው ነገርማ ይጠነቀቃል።

ልጆቻችን በየቅዳሜው አማርኛ የሚማሩበት ትምህርት ቤት አለን። ትምህርት ቤት ስላችሁ ግቢና ደወል እንዳይመስላችሁ፤ ከሃቫና ስትሪት ገባ ብሎ የሚገኝ፣ የተከራየነው የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። ዳይሬክተሯ ሲስተር አልማዝ ናት። ሲስተር የምንላት ነርስ ስለሆነች ነው። እኩያዬ ስለሆነች አንቺ እላታለሁ፤ ስትቆጣ ግን ሳላስበው እርስዎ ይመጣብኛል።

በየዓመቱ ግንቦት ላይ የወላጆች በዓል አለ፤ በበዓሉም ልጆቹ ቴአትር ያሳያሉ። ማለቴ፣ ማሳየት ነበረባቸው። በመጀመሪያው ዓመት ሠርግ የሚያሳይ ቴአትር ተዘጋጅቶ፣ ሙሽሪት የዋና ውድድር ነበረባትና ቀረች፤ ሙሽራው ብቻውን ተሞሸረ። በሁለተኛው ዓመት የተጣሉ ባልና ሚስትን የሚያስታርቁ ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ሦስቱም አንድ ልደት ተጠርተው ሄዱ። ባልና ሚስቱ ሳይታረቁ መጋረጃው ተዘጋ። አዳራሹ ውስጥ የነበሩ እውነተኛ ሽማግሌዎች ተነስተው "እንዲህ ተጣልተው እንዴት ይለያያሉ" ብለው መድረክ ላይ ሊወጡ ነበር።

ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው ልምምድ ላይ ነው። ልጆቹ አይመጡም። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፤ በዚህ አገር ልጅ በእግሩ የትም አይሄድም፣ ልጅ ቀረ ማለት መኪና ቀረ ማለት ነው። እናት ሆስፒታል ሺፍት አላት፣ አባት ታክሲ ላይ ነው፣ ልጁ ሶከር አለው፣ እህቱ ፒያኖ አላት። ቅዳሜ ደግሞ አንድ ናት።

የአየር ማረፊያው ባቡር ሥራ በጀመረበት ዓመት፣ የካቲት ላይ፣ ሲስተር አልማዝ ወላጆችን ሰበሰበችና ቁርጡን ነገረችን። ዘንድሮም ከከሸፈ ቴአትር የሚባል ነገር ይቀራል፤ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ኬክ ይቆረሳል፣ የልጆቹ ፎቶ በፕሮጀክተር ይታያል፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። እጄን አወጣሁና ልምምዱን ለእኔ ስጡኝ አልኩ።

"ቴአትር ታውቃለህ?" አለችኝ።

"አላውቅም። ሰው እንዲገኝ ማድረግ ግን አውቃለሁ። ሰው ከተገኘ ቴአትሩ ራሱ ይመጣል።"

ተጨበጨበልኝ። ከተቀመጡት ሁሉ ያላጨበጨበችው ባለቤቴ ሰናይት ብቻ ነበረች። ሃያ ዓመት አብራኝ ኖራለች፤ የምታውቀው ነገር ይኖራል።

ድርሰቱን በሁለት በረራ መካከል ባገኘሁት ጊዜ ሁሉ እየተቀመጥኩ ራሴ ጻፍኩት። አህያ ጅብን በአንበሳ ችሎት ይከሳል። ክሱ "ተኝቼ ሳለሁ ጭራዬን በላብኝ" የሚል ነው። ጦጣ፣ ቀበሮ፣ ኤሊና ሌሎችም ይመሰክራሉ፤ በጠቅላላው አሥራ አንድ ልጆች ናቸው። ብዙ የሚናገረው ከሳሹ አህያ ስለሆነ ቦታውን ለካሌብ ሰጠሁት። ካሌብ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው፤ የሰፈር ውሻ የሚያስደነብር ድምፅ አለው። ዳኛዋ አንበሳ ሶልያና የምትባል ልጅ ሆነች። አጭር ናት፤ ስትቆጣ ግን ሰው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል።

ከዚያ በኋላ ደንብ አወጣሁ። አዲስ ደንብ ለምን እፈጥራለሁ፤ አገር ያወቀውን የእድር ደንብ አምጥቼ ልምምዱ ላይ ተከልኩት። ስም የሚጠራው በየቅዳሜው ሲሆን፣ የሚጠራው ሁሉ "አቤት" ይላል። መምጣት የማይችል ተወካይ ይልካል፤ ተወካይ የላከ እንደተገኘ ይቆጠራል። ሳይመጣም ሳይልክም የቀረ ቤተሰብ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወንበር ይደረድራል። ወላጆቹ ደንቡን በቫይበር እንዳነበቡት ተስማሙ፤ አንድ ሰው እንኳ ጥያቄ አላነሳም። ሐበሻ ለቴአትር ልምምድ ሊቀር ይችላል፣ ከእድር ግን አይቀርም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አሥራ አንድ ከአሥራ አንድ። ሁለተኛው ቅዳሜ አሥራ አንድ ከአሥራ አንድ። ለመዝገቡ ብቻ የሚሆን አረንጓዴ እስክሪብቶ ገዛሁ። ሦስተኛው ቅዳሜ ፒያኖ ያላት ቀበሮ እህቷን ላከች፤ እህቷ "አቤት" አለች፣ እኔም በአረንጓዴ ጻፍኩ። በአራተኛው ጅቡ ቀርቶ እናቱ መጣች። የነርስ ልብሷን እንደለበሰች ከምሳ እረፍቷ ላይ ቀንሳ ነው የመጣችው፤ በአንድ እጇ ሳንድዊች ይዛ በሌላው የአህያ ጭራ በላች። በአምስተኛው ጦጣን ወክሎ ከሲያትል ለጥየቃ የመጣ አጎቱ ተገኘ። ኤሊን የወከለው የሦስት ዓመት ወንድሙ ሲሆን፣ ሁለት ወንበር ገጥመንለት ተኛ፤ ለኤሊ ይህም አይከፋም ብዬ አለፍኩት። አንድ ቀን ደግሞ ቀበሮም እህቷም አልተመቻቸውምና ሜክሲኮአዊት ጎረቤታቸው መጡ። አማርኛ አያውቁም፤ "አቤት" ማለትን ግን ከሁላችንም አሳምረው ይሉታል።

ሰናይት ማታ ማታ መዝገቡን እያየች "የሰው ቁጥር ሞልቷል፤ ቴአትሩን ማን ነው የሚያጠናው?" ትለኛለች። እኔ ደግሞ መቶ በመቶ የሚለውን አሳያታለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ዘንድ ሁለቱም ተገናኝተው ነበር።

አሁን ወደ ጋሽ ወርቁ ልምጣ፤ የነገሩ ሁሉ እምብርት እሳቸው ናቸውና።

ጋሽ ወርቁ የካሌብ አያት ናቸው። ደሴ ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጠው ለሰው ማመልከቻ ሲጽፉ ኖረው፣ ልጃቸው ራሄል ወደዚህ ካመጣቻቸው ሁለት ዓመታቸው ነው። ራሄል ጠዋት የአረጋውያን እንክብካቤ ትሠራለች፣ ከሰዓት በኋላ በመኪናዋ ሰው ታመላልሳለች። ካሌብ ትምህርት ቤት ነው፣ ካልሆነም ሜዳ ነው። ጋሽ ወርቁ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከማይገባቸው ቴሌቪዥን ጋር ይውላሉ። ካሌብ የሶከር ወራት ሲጀምር እሳቸውን ወክሎ ላካቸው፤ ራሄል ወደ ሥራ ስታልፍ በሩ ላይ አወረደቻቸው።

የመጀመሪያ ቀን ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። "ካሌብ!" ብዬ ስጠራ ተነስተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ "አቤት! ተወካዩ ቀርቤያለሁ" አሉ። ስድስት ዓመት ስም ስጠራ እንዲህ ያለ አቤት ሰምቼ አላውቅም። የሌሎቹ አቤት ሁሉ ከዚያ በኋላ የእንቅልፍ መሰለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ወረቀቱን አንብበው ጨርሰው ወደ እኔ መጡ። ክሱ ክስ አይደለም አሉኝ። ጭራው በየትኛው ቀን ነው የተበላው? በየት ቦታ? ከሳሽ በጭራው ማጣት የደረሰበት ጉዳት ምንድን ነው? እኔም ጋሼ የልጆች ጨዋታ ነው አልኳቸው። ልጅም ቢሆን የሚከስ ከሆነ በወጉ ይክሰስ ብለው ወረቀቱን ይዘውት ሄዱ። በሦስተኛው ሳምንት አራት ገጽ በእጅ ጽሑፋቸው አመጡ። "ጭራዬ የዝንብ መከላከያዬ መሆኑን ተከሳሽ እያወቀ" የሚል ነበረበት። "ከተበላም ወዲህ የአገሩ ዝንብ ሁሉ ያለ ኪራይ ሰፍሮብኝ ስለሚገኝ" የሚልም ነበረበት። ከእኔው ድርሰት ይሻል ነበር፤ ይህን ግን በዚያን ጊዜ አልነገርኳቸውም። በአምስተኛው ሳምንት ወረቀት ሳይዙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሉት ጀመር። ካፖርታቸውንም ማውለቅ ለመዱ።

ሲስተር አልማዝ ያለማስጠንቀቂያ የመጣችው በዓሉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። እኔ ደስ አለኝ። መዝገቡን ገልጬ ሰጠኋት። እሷ ግን መዝገቡን ትታ ሰዎቹን አየች። የጅቡ እናት ሳንድዊቿን ትበላለች። የሲያትሉ አጎት እረፍቱን አራዝሞ አሁንም ጦጣ ነው። ኤሊው ያንኮራፋል። ሜክሲኮአዊቷ ሴትዮ ሲያዩአት "አቤት" አሏት። አማርኛ የሚናገሩ እውነተኛ ልጆች ብትቆጥር ሶልያናንና አንዲት ዶሮ አገኘች።

"ልጆቹ የት አሉ?" አለች።

"ተወክለዋል" አልኳት።

"በበዓሉ ቀንስ?"

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ እድራችን የመድረክ ቀን ኖሮት አያውቅም።

"የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም" አለች ሲስተር አልማዝ፣ መዝገቡን እየዘጋች። "ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ተወካይ የለም። የሚመጣው ልጁ ራሱ ነው፤ ያልመጣ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ለወላጆቹ እኔ እጽፋለሁ። ሽማግሌውን ግን አንተ ንገራቸው፤ ያመጣሃቸው አንተ ነህ።"

"እሺ፣ እርስዎ እንዳሉ" አልኳት።

መንገር ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር። እኔ እኮ አውሮፕላን ላመለጠው ሰው "አምልጦሃል" የምል ሰው ነኝ። ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ አፓርትመንታቸው ሄድኩ፣ መኪናዬን ፓርክ አደረግኩ፣ ሦስቱን ፎቅ ስወጣ የምናገረውን አጠናሁ። ጋሽ ወርቁ ራሳቸው ከፈቱልኝ። አራቱን ገጽ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ በፕላስተር ለጥፈዋቸዋል። ሻይ ቀረበልኝ፤ ጠጣሁ። ስለ ጉልበታቸው አወራን፤ ስለ ራሄል አወራን። ልጀምር አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ።

"እዚህ አገር ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው" አሉ። "ስም ተጠርቶ አቤት ያልኩት እዚያ ምድር ቤት ውስጥ ብቻ ነው። የተጠራው የኔ ስም ባይሆንም።"

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? ወንድ የሆነ ይበል። እኔ ያልኩትን ልንገራችሁ፦ "ጋሼ፣ የዚህ ሳምንት ልምምድ ቀርቷል። ምድር ቤቱ ቧንቧ ፈንድቶ ውሃ ሞልቶታል" አልኳቸው። በጣም አዘኑ። ውሃው ወንበሮቹን አበላሽቷቸው እንደሆነ ጠየቁኝ። ትንሽ ነክቷቸዋል አልኩና ወጣሁ። ከመኪናዬ ሳልደርስ ለሚቀጥለው ሳምንት ምን ዓይነት አደጋ እንደማደርስበት አስብ ነበር፤ እሳት አይቼበት ነበር።

ቅዳሜ ሲስተር አልማዝ የጻፈችው ደርሶ ኖሮ ስምንት ልጆች መጡ፤ ስምንቱም ራሳቸው። የሚያዝያ በረዶ እየጣለ እንኳ መጡ። ካሌብ ግን አልነበረም። ልምምዱን ጀምረን ሶልያና "ጸጥታ!" ብላ ጠረጴዛውን ስትመታ በሩ ተከፈተ።

ጋሽ ወርቁ ናቸው። ጫማቸው በበረዶ ርሷል። በአንድ እጃቸው ባልዲ፣ በሌላው መወልወያ ይዘዋል። እንግሊዝኛ ሳያውቁ፣ ካሌብ የአውቶቡሱን ቁጥር በጻፈላቸው ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን ተሳፍረው፣ ከነባልዲያቸው ነው የመጡት። ብቻዬን ውሃውን ስጠርግ እንዳልቸገር ብለው ነው።

ወለሉን አዩት። ወለሉ ደረቅ ነው። ልጆቹን አዩአቸው። ባልዲውን ቀስ ብለው አስቀመጡና በሩ አጠገብ ተቀመጡ፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ የማውቀውን አደረግኩ፤ መዝገቡን ገልጬ ስም ጠራሁ። ካሌብ ላይ ደረስኩ። ጠራሁት። ማንም አቤት አላለም። ጋሽ ወርቁ ባልዲውን ያያሉ። በሕይወቴ ስንቱን ቀሪ ብዬ ጽፌያለሁ፤ ያን ቀን ግን እጄ እምቢ አለኝ። አፈርኩ። ሌላ ቃል የለውም፣ አፈርኩ።

ልምምዱ ሲያልቅ ተነሱና "ቧንቧው ተሠራ መሰለኝ" አሉ።

"አዎ ጋሼ።"

"እንኳን ተሠራ።"

በመኪናዬ ልወስዳቸው ለመንኳቸው። ባልዲውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ሃቫና ላይ መብራት ሲይዘን ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው፤ የሲስተር አልማዝን ትእዛዝ፣ ቦታው የልጅ መሆኑን፣ ቧንቧው ያልፈነዳ መሆኑን። መስኮቱን እያዩ ሰሙኝ።

"ደንብ ደንብ ነው፤ በደንብ አልቀየምም" አሉኝ በመጨረሻ። "ደንቡን ብትነግረኝ ይግባኝ እል ነበር። ቧንቧ ላይ ግን ይግባኝ የለም።"

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም ብዬ አላጋንንም፤ ተኝቻለሁ። ጠዋት ግን ሰናይትን እንኳ ሳላማክር ካሌብ የሚጫወትበት ሜዳ ሄድኩ። ውሃ ሊጠጣ ሲወጣ ያዝኩትና አንተ ካልመጣህ ቦታህ ለሌላ ልጅ ይሰጣል አልኩት። ለእሱ ነገሩ ምንም አልመሰለውም፤ ቀጥሎ የተናገረው ግን ስለ ራሱ አልነበረም።

"ባባ እኮ ኦልሬዲ ያውቀዋል" አለኝ፤ ባባ የሚለው አያቱን ነው። "ባዝሩም ውስጥ ፕራክቲስ ያደርጋል፣ ኤቭሪ ዴይ። ዘፈን ነው ብዬ ነበር መጀመሪያ። ፕሊዝ ከሱ አትውሰድበት።"

"የልጆች ቴአትር ነው እኮ፣ ካሌብ።"

"ሶ? አህያ ሎየር ማቆም አይችልም?"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። መፍትሔው የተገኘው ከእኔ ነው። ካሌብ "ከእኔ ነው" ይላል። ልጅ ስለሆነ ይበል።

ከሜዳው በቀጥታ ወደ ጋሽ ወርቁ ሄድኩና ይግባኝዎን ይጻፉ አልኳቸው። ወዲያው ብዕር አነሱ። አንድ ገጽ ነው፤ "ለተከበሩ ሲስተር አልማዝ" ይላል። ደንቡ በልጅ ቦታ ተወካይ መላክን ይከለክላል እንጂ ለልጁ ጠበቃ ማቆምን አይከለክልም ይላል። ከሳሹ እንስሳ በመሆኑና ክሱን በቃል ማስረዳት ስለማይችል ወኪል ያስፈልገዋል ይላል። ሲስተር አልማዝ ከሺፍት ስትወጣ ፓርኪንግ ውስጥ ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"ካሌብ መድረክ ላይ ካልቆመ አይሆንም" አለች። "ይቆማል" አልኩ። "እሱ ካልመጣ መጋረጃው ሳይከፈት ኬኩን አስቆርሳለሁ" አለች። "ይመጣል" አልኩ። እኔ ሰው ይመጣል ካልኩ ይመጣል፤ ቢያንስ በተወካይ።

በዓሉ የተደረገው በተከራየነው የአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ወንበሩ ሞልቷል፣ ኬኩ ከመድረኩ ሥር ጠረጴዛ ላይ ተዘጋጅቷል፣ ሲስተር አልማዝ ቢላዋውን ይዛ ከኬኩ አጠገብ ቆማለች። አሥሩ ልጆች ከመጋረጃው ኋላ ናቸው። ጋሽ ወርቁ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ አራቱን ገጽ ደረታቸው ላይ ይዘው በግራ በኩል ቆመዋል። ካሌብ የለም። ጨዋታቸው ተጨማሪ ሰዓት ገብቷል ብላ ራሄል ደወለች።

ሲስተር አልማዝ ሰዓቷን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ቢላዋውን ስታነሳ ሳላውቀው መዝገቡን ይዤ መጋረጃው ፊት ወጣሁ። "ስም ጥሪ ይቀድማል" አልኩ። ሕዝቡ የእድር ሕዝብ ነው፤ ስም ጥሪ ሲባል ሁሉም ጸጥ አለ። አንድ በአንድ፣ እጅግ በዝግታ ጠራሁ። አቤት፣ አቤት፣ አቤት። አሥር ላይ ስደርስ የወላጆችንም ጨመርኩ፤ ከወላጆች ወደ አጎቶች አለፍኩ፤ የሲያትሉ አጎት ሳይቀር አቤት አለ። ሜክሲኮአዊቷ ሴትዮ ስማቸውን ሳልጠራ አቤት አሉ። የሰው ስም አልቆብኝ የአዳራሹን ቁልፍ ያዥ ልጠራ ስል የኋላው በር ተከፈተ። ካሌብ ነው፤ የሶከር ማሊያውን እንደለበሰ፣ ጉልበቱ ጭቃ እንደሆነ፣ ራሄል ከኋላው እየሮጠች የአህያ ጆሮ ታስርለታለች።

መጋረጃው ተከፈተ። ሶልያና ጠረጴዛውን መታች። "ከሳሽ አህያ ቀርቧል?"

ካሌብ ወደ ፊት መጣ። ከዚያ ሁሉ ድርሻው አሁን የቀረችለት አንዲት ንግግር ብቻ ነበረች፤ ያቺን ግን በዚያ ድምፁ እስከ ጣሪያው አደረሳት።

"ቀርቤያለሁ፤ ግን አህያ ነኝ፣ መናገር አልችልም። ወኪሌ አያቴ ናቸው።"

ጋሽ ወርቁ ወጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ለሶልያና እጅ ነሡ፣ ክሱን ጀመሩ። ወረቀቱን አንድ ጊዜ እንኳ አላዩትም። ስለ ዝንቡ ሲናገሩ ሰው በሳቅ ወደቀ፤ ጭራውን ለተነጠቀ ምን እንደሚቀረው ሲናገሩ ራሄል ተሳፋሪ የሚጠራበትን ስልኳን ዘግታ ታለቅስ ነበር። ጅቡ የሚለውን ቢረሳ እናቱ ከመቀመጫዋ ተነስታ መከላከያውን ታቀርብለት ጀመር፤ ሳታውቀው ሙሉውን አጥንታው ኖሯል። የጅቡ ወገንና የአህያው ወገን ተብሎ ሕዝቡ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ሦስት ሽማግሌዎች ካላስታረቅን ብለው ተነሱ፤ በዚህኛው ጊዜ ማንም አልከለከላቸውም። ቁልፍ ያዡ በሩ ላይ ቆሞ ቁልፉን ሲያንቀጫቅል ቆይቶ፣ በመጨረሻ አንድ ወንበር ይዞ ተቀመጠ።

አህያው ረታ። ሲስተር አልማዝ ቢላዋውን የት እንዳስቀመጠችው ስለረሳች ኬኩን በማንኪያ በላነው።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ቴአትሩ ቀጠለ፤ እንዲያውም ዘንድሮ ወላጆችም ይሳተፉ ተባለ፣ እኔም ድርሻ ተሰጠኝ። መዝገቡን ግን ሲስተር አልማዝ ከእጄ ወስዳ ለጋሽ ወርቁ ሰጠቻቸው። እስክሪብቶውንም ጭምር። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ፤ እኔ በሹመቴ ኬክ በልቻለሁና አልቆጨኝም ብዬ ለሰናይት አስረዳኋት። አላመነችኝም።

የመጀመሪያው የልምምድ ቅዳሜ አየር ማረፊያው ውስጥ ሦስት በረራ ዘግይቶ፣ ሦስት ዊልቸር ቀረብኝ። አላሳሰበኝም። ሰናይትን ተወካይ አድርጌ ላክኳት። ማታ ስገባ ሶፋው ላይ ብቻዋን ትስቃለች። ስሜ ሲጠራ ተነስታ "አቤት፣ ተወካዩ ቀርቤያለሁ" ብላለች፣ ልክ እንደሳቸው። ጋሽ ወርቁ ከመነጽራቸው በላይ አይተዋት "ተወካይ አይቻልም" አሏት።

"ጋሼ፣ እርስዎስ በተወካይነት አይደል የገቡት?"

"ለዚህ እኮ ነው" አሏት። "ተወካይ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ቦታውን ይወስዳል።"

ቀሪ ተብዬ ተጻፍኩ። ስድስት ዓመት በእድር፣ አንድ የልምምድ ወቅት በትምህርት ቤት፣ በስሜ ላይ ይህ ቃል አርፎ አያውቅም ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ የሥራ ፈረቃዬን ለውጬ ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ፤ የቅጣቴን ወንበር አንድ በአንድ ደረደርኩ። ጋሽ ወርቁ ካፖርታቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ኋላ ተቀመጡና ስም መጥራት ጀመሩ። የኔ ሲደርስ ተነሳሁ፣ ኮፍያዬን አወለቅኩ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ "አቤት" አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝና በአረንጓዴው እስክሪብቶዬ ጻፉኝ።